ሥራዋ መክሳት የሆነ ውርንጭላ

አንድ ጊዜ የበልግ ዝናብ ቀርቶ ሣሩ ሁሉ እንደ ገለባ በነጣበት ዓመት፣ ከአንድ ገደል ሥር ባለች ዋሻ ውስጥ እመት ሚዳቋ እናት የሌላቸውን ልጆች ሰብስባ ታሳድግ ነበር። ሁለት የፍየል ግልገሎች፣ አንዲት ጥጃና አንዲት የአህያ ውርንጭላ ነበሯት። የራሷ ልጅ አልነበራትም፤ እነሱም ሌላ እናት ስለሌላቸው «እማዬ» ይሏታል።

ሚዳቋ እግሯ ፈጣን፣ ልቧም ሩኅሩኅ ነበር። መለመን ሲመጣ ግን ምላሷ ይተሳሰራል። ስለዚህ በአካባቢዋ ያለው ሣር ሲያልቅባት በአገሩ ሁሉ ቅቤ አንጓችነቱ ወደታወቀው ወደ ቀበሮ ሄደች። የቸገረው ምን ያደርጋል!

«አያ ቀበሮ፣ ዝናብ እስኪመጣ ለልጆቼ የሚሆን ሣር ከጎረቤት መሰብሰብ ፈልጌ ነበር። እንዴት ብዬ ልጠይቅ?» አለችው።

ቀበሮ ዋሻዋ ድረስ መጥቶ ልጆቹን አንድ በአንድ ተመለከተ። ውርንጭላዋ ጋ ሲደርስ ቆመና ጎድኖቿን አይቶ ፈገግ አለ።

«ይቺ ናት! ውሃ መውረጃው መንገድ ዳር አመድ ነስንሰን እናስተኛታለን። ያለፈ ያገደመው አይቷት ያለቅሳል፤ ያለቀሰ ደግሞ ይሰጣል።»

«ደህና እኮ ናት! ዛሬ ጠዋት እንኳ ከግልገሎቹ ጋር ስትሯሯጥ ነበር።»

«እመት ሚዳቋ፣ የምትሯሯጥ ውርንጭላ አይቶ ማን ይሰጣል?»

ሚዳቋ እያመነታች አመዱን ልታመጣ ሄደች። ቀበሮም ለሚሰበሰበው ሣር ጠባቂ ያስፈልጋል ብሎ አያ ጅቦን አመጣ። «ጅብ ሣር አይበላም። ከእሱ የተሻለ ታማኝ ከየት ይገኛል?» ሲላት ነገሩ እውነት መሰላት። ለጅቡ ግን በጆሮው ሌላ ነገር ነበር ሹክ ያለው፦ «ዝም ብለህ ጠብቅ፤ ውርንጭላዋ የሞተች ቀን ያንተ ናት።» ጅቡም ምራቁን ዋጥ አድርጎ ተቀመጠ። እስቲ አሁን፣ አህያ ለጅብ አደራ ሰጥቶ ማን ደህና ውሎ ያውቃል?

በማግስቱ መጀመሪያ በዚያ ያለፈው አያ በሬ ነበር። ዕድሜ የተጫነው፣ ለራሱም እምብዛም የማይተርፈው በሬ ነው። ውርንጭላዋን ሲያይ እንባው መጣ። ወደ በረቱ ተመልሶ ከግርግሙ አፉ የቻለውን ያህል ሣር ይዞ መጣና ከአጠገቧ ጥሎላት ፊቱን አዙሮ ሄደ። ሌሎቹም እንደዚሁ ያላቸውን ጣል ጣል አደረጉ። ቆቅን ደግሞ ቀበሮ ራሱ ጎጆዋ ድረስ ሄዶ እንቁላል ጠየቃት።

«ለውርንጭላ እንቁላል ምን ያደርግላታል?» አለች ቆቅ ግራ ገብቷት።

«ለሥራ ማስኬጃ ነው» አላት አቀርቅሮ። ምን ዓይነት ሥራ እንደሚካሄድበት የሚያውቀው የቀበሮ ሆድ ብቻ ነው።

ሲመሻሽ ሣሩ ተከመረ። ሚዳቋ ደስ ብሏት ከክምሩ በአፏ ይዛ ለውርንጭላዋ ልታቀርብላት ስትል ቀበሮ ዘሎ ከፊቷ ቆመ።

«ምን ነካሽ! ጎድኗ ከተሸፈነ ነገ ማን ያለቅሳል? ሌሎቹ ይብሉ። የእሷ ሥራ መክሳት ነው።»

ሚዳቋ ዞር ብላ አየች። ግልገሎቹና ጥጃዋ ከስንት ጊዜ በኋላ ጠግበው እየተላፉ ነበር። ሣሩን መልሳ አስቀመጠችው። ክፉ ሆና አይደለም፤ የአንዷን ረሃብ በሦስቱ ጥጋብ ላካክስ ብላ ነው። ቢሆንም አሳፋሪ ነገር ነበር፤ አሳፋሪ መሆኑንም ታውቀዋለች።

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ሣር የማን ነው?» አለች ውርንጭላዋ።

«ያንቺ ነው ልጄ። ላንቺ ብለው የሰጡት ነው።»

«ታዲያ መቼ ነው የምበላው?»

ሚዳቋ ወደ ዋሻው ገባች።

እንዲህ እያለ ሰነበተ። ክምሩ ከፍ ሲል ውርንጭላዋ መነመነች። መንገደኞቹም መሰልቸት ጀመሩ። አንዳንዱ ከሩቅ ሲያያት በጫካው ዞሮ ውሃ ይወርዳል። ምን ያድርጉ? የሰጡት ነገር የት እንደደረሰ የነገራቸው የለም፤ እግዜር ይስጥልኝ ያላቸውም የለም። ቀበሮ የሚያውቀው «ጨምሩ» ማለትን ብቻ ነው።

አንድ ቀን በሬው በዚያ ሲያልፍ ቆም አለ።

«እኔ ከአፌ ቀንሼ የሰጠሁት ሣር የት ገባ? ያኔ የሚታየው ጎድኗ ነበር፤ ዛሬ አጥንቷ ሁሉ ወጥቷል።»

«በሽታዋ ብርቱ ሆነብን አያ በሬ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ትንሽ ጨምርላት» አለ ቀበሮ ዓይኑን እያሸ።

ይህን ጊዜ የጅቡ ትዕግሥት አለቀ።

«ቆይ እንጂ አያ ቀበሮ! ስትሞት ያንተ ናት ብለኸኝ አልነበር? ይኸው እየከሳች እየከሳች ሥጋዋ አለቀ። የሞተች ቀን ምኗን ልበላ ነው? ወይ ቶሎ ትሙት፣ ወይ ትንሽ ሣር ስጧት!»

በሬው ቀንዱን ዝቅ አደረገ። ቀበሮ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቶት በቁጥቋጦው ውስጥ ሾልኮ ጠፋ። ጅቡ ግን አንድ ሁለቴ ከተወጋ በኋላ ነው «እኔ ምን አጠፋሁ?» እያለ የሸሸው።

«አንቺንም ታዝቤሻለሁ» አላት በሬው ጫጫታውን ሰምታ ከዋሻው የወጣችውን ሚዳቋን። «ከእንግዲህ ከእኔ ደጅ አንዲት ሰበዝ አትጠብቂ።» ወሬው ተዛምቶ ሌሎቹም መስጠት አቆሙ።

ሚዳቋ ያኔውኑ ክምሩን ለውርንጭላዋ ለቀቀችላት። ውርንጭላዋ በላች፤ ዋል አደር ስትል ቆመች፤ ከዚያም መሮጥ ጀመረች። ክምሩ ግን እየተገባደደ ሄደ። ሰማዩም ገና ደመና አልቋጠረም። እንደገና ካልጠየቀች አራቱም ልጆች በረሃብ ማለቃቸው ነው። በምን ፊቷ ትጠይቅ?

አመዱን ከውርንጭላዋ ገላ ላይ በምላሷ ልሳ አጠራችና ይዛት ወጣች። መጀመሪያ ወደ ቆቅ ሄደው ይቅርታ ጠየቀች። ቆቅ ጀርባዋን ሰጠቻት፤ እውነትም አላት። ከዚያ ወደ በሬው በረት ሄዱ።

«ደግሞ ምን ልትለምኚ መጣሽ?» አላት በሬው ቀና ሳይል።

«ከልመናው በፊት የምነግርህ አለኝ። ቀበሮ አታብያት ሲለኝ እሺ ያልኩት እኔው ነኝ። እስካሁን ያሳፍረኛል። ሣሬ የት ገባ ብለህ ጠይቀህ ነበር፤ መልሱን ይዤልህ መጣሁ።» ወደ ውርንጭላዋ ዞረችና «በይ አሳዪው» አለቻት።

ውርንጭላዋ በረቱን እየዞረች ጋለበች። የኋላ እግሮቿን ወደ ላይ ስትወረውር የውሃውን ገንዳ ልትገለብጠው ምንም አልቀራት።

«ያቺ ናት ይቺ?» አለ በሬው አፉን ከፍቶ።

«እሷው ናት። የሚራገጠው ያንተ ሣር ነው።»

በሬው ሳቀ፤ ሳቁ ውስጥ እንባም ነበረበት። ከዚያ ወደ ውርንጭላዋ ጠጋ አለ።

«ያን ዕለት ሣሩን ጥዬልሽ ስሄድ ፊቴን አዙሬ ነው የሄድኩት፤ ላይሽ አልቻልኩም» አላት።

«እኔም አላየሁህም» አለችው። «መሬት ተኝቼ የማየው የሰጪዎቹን ሰኮና ብቻ ነበር። ፊትህን ገና ዛሬ አየሁት።»

በሬው ወደ ግርግሙ መንገዱን ለቀቀላት። «ዝናቡ እስኪመጣ በየቀኑ ነይ። እህት ወንድሞችሽንም ይዘሽ ነይ» አላት።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሰጪ ሊያሳዩት የሚገባው የተቸገረውን ጎድን ሳይሆን ስጦታው ያቆመውን እግር መሆኑን ነው።