ደረቁ ወረቀት

አንድ አንዳርጌ የሚባል ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። እጁ ወርቅ ነው። ችግሩ፣ እጁ ወርቅ መሆኑን ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ራሱ መሆኑ ነው። «እኔ የገጠምኩት ቧንቧ አያፈስም» ይላል ጧት። ማታም ይደግመዋል። የሰማው ሁሉ ሰልችቶት ነበር፤ ግን ሥራው ጥሩ ስለሆነ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም።

በዚያው ከተማ ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ አንጋፋ ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ወገባቸው ጎበጥ ያለ በመሆኑ ባልደረቦቻቸው ቧንቧን በምታጥፈው መጋጠሚያ ስም «ጋሽ ጎሚቶ» እያሉ ያሾፉባቸዋል። እሳቸውም ከሁሉ ቀድመው ይስቃሉ።

እትዬ አልጣሽ የሚባሉ ባለጸጋ ነጋዴ የእንግዳ ማረፊያ ሲያሠሩ፣ ምድር ቤቱን ለጋሽ ሽብሩ፣ ፎቁን ለአንዳርጌ ሰጡ። ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አስበው ነበር። ከተራራው ሥር ያለውን ምንጭ በቧንቧ አውርደው ታችኛው መንደር ሊያደርሱ ተስለዋል። «የሁለታችሁንም ሥራ አያለሁ፤ ያማረልኝ የምንጩን ሥራ ይመራል» አሉ። አንዳርጌ ልቡ ዘለለ። የታችኛው መንደር የእናቱ መንደር ነው። እናቱ እስከ ዛሬ ሁለት ዳገት ወጥታ ነው ውሃ የምትቀዳው። ያንን ውሃ በገዛ እጁ ደጃፏ ሊያደርስላት ከልጅነቱ ጀምሮ ይመኝ ነበር።

በዚያ አገር ቧንቧ ሠሪዎች አንድ ወግ አላቸው። ግድግዳው በሲሚንቶ ከመለሰኑ በፊት ቧንቧውን ውሃ ሞልተው ያሳድሩታል። በየመጋጠሚያው ላይ ከሲሚንቶ ከረጢት የተቀደደ ወረቀት ያስራሉ። ጧት ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ እሰየው፤ ከራሰ መጋጠሚያው ያፈስሳል ማለት ነው። ያፈሰሰበት ሰው ሠራተኛውን ሁሉ ምሳ ይጋብዛል።

በሙከራው ቀን አንዳርጌ ከሁሉ ቀድሞ ፎቅ ወጣ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ደረቅ፣ ደረቅ፣ ደረቅ። ሰባተኛው ክፍል ሲደርስ፣ ጥግ ላይ ባለችው ጎሚቶ ላይ የታሰረው ወረቀት ርሶ አገኘው። ከታች የሰው ድምፅ ይሰማል። ግራ ቀኙን አየና እርጥቡን ፈትቶ ኪሱ ከተተ፤ በምትኩ ደረቅ አሰረ። «አንዲት ጠብታ ናት፤ ዝገት ራሱ ይደፍናታል» ብሎ ራሱን አጽናና።

ጥቂት ቆይቶ ሁሉም መጣ። መጀመሪያ ምድር ቤቱ ታየ። ጋሽ ሽብሩ ከአንድ ግድግዳ ሥር ተነሥተው እጃቸውን አጨበጨቡ።

«የምሥራች!»

«ምሥር ብላ!» አሉ ሠራተኞቹ በሳቅ።

«አፍስሷል! እዚህም አንድ፣ እዚያም አንድ! ኑና እዩልኝ!»

እትዬ አልጣሽ ግራ ገባቸው። «ምነው ጋሽ ሽብሩ፣ ሰው በገዛ ጥፋቱ እንዲህ ይፈነድቃል?»

«እንዴት አልፈነድቅ? ለሳኙ ሳይደርስበት አገኘሁታ! ዛሬ ቢሆን በአንዲት ቁልፍ ፈትቼ አጠብቀዋለሁ። ከርሞ ቢሆን ግድግዳዎን አፍርሼ ነበር የምፈልገው።»

ቀጥሎ ፎቁ ታየ። አንድም እርጥብ ወረቀት የለም። እትዬ አልጣሽ አንዳርጌን ትከሻውን መታ መታ አደረጉና «የምንጩ ሥራ ያንተ ነው» አሉት። ለሳኞቹንም ጀምሩ አሏቸው። አንዳርጌ የተመኘውን አገኘ፤ ግን እጁን ወረቀቱ ካለበት ኪሱ አላወጣም።

ይሄኔ ጋሽ ሽብሩ እያነከሱ ደረጃውን ወጥተው አቀፉት። ዓይናቸው በደስታ ርሷል።

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ስሠራ እንዲህ ሙሉ ለሙሉ ደርቆ አይቼ አላውቅም። በሽምግልናዬም ቢሆን ልማር፤ ውሃ እንዳያሾልክ ቃጫውን የቧንቧው ክር ላይ እንዴት ነው የምትጠመጥመው? እስቲ አሳየኝ።»

አንዳርጌ ቃጫውን ተቀበለ። መጠምጠም ግን አልጀመረም። ቢሰድቡት ይመልስ ነበር፤ ቢጠራጠሩትም ይከራከር ነበር። እኒህ ሰው ግን ከልባቸው አምነው ሊማሩ መጡ። በሰውየው ትከሻ ላይ አሻግሮ ሲያይ ለሳኙ ሰባተኛው ክፍል ገብቷል፤ የልስን ማንኪያውን ሲሚንቶ ሞልቶ ጎሚቶዋ ላይ ሊመርግ ነው።

«ቆይ! እንዳትነካው!» ብሎ ጮኸ አንዳርጌ።

ሁሉም ዞረው አዩት። እርጥቡን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ በሰው ፊት ዘረጋው። «የእኔም አፍስሷል። ጧት አግኝቼ ደበቅሁት» አለ። ፊቱ ፍም መሰለ።

ጋሽ ሽብሩ ወረቀቱን አዩ፤ አንዳርጌን አዩ፤ ከዚያ ፊታቸው በራ።

«የምሥራች!»

«ምሥር ብላ!» አለ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ድምፅ፤ ለሳኙም ጭምር።

አንዳርጌ ወርዶ ዋናውን ቫልቭ ዘጋ፤ ውሃውን አስለቀቀና ጎሚቶዋን ፈታት። ቃጫው በአንድ በኩል ሳስቶ ኖሯል። ጠምጥሞ መልሶ ሲያጠብቃት፣ ከትከሻው ላይ አንድ ኩንታል የወረደለት መሰለው። ምሳውንም ሁለቱ አብረው ጋበዙ።

የምንጩ ሥራ በመጨረሻ ለጋሽ ሽብሩ ተሰጠ። እትዬ አልጣሽ «አብሮዎት የሚሠራውን እርስዎ ይምረጡ» ሲሏቸው ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰዱም። «አንዳርጌን ስጡኝ። የሚያፈስበት ሰው ሞልቷል፤ ለሳኙን የሚያስቆም ግን ዛሬ ገና አየሁ» አሉ።

ከወራት በኋላ ቧንቧው ታችኛው መንደር ደረሰ። በሙከራው ጧት አንዳርጌ ከመጋጠሚያ መጋጠሚያ እየሮጠ እርጥብ ወረቀት ይለቅም ነበር። አምስት አገኘ፤ አምስት ጊዜም ጨፈረ። እናቱ ከደጃፏ ቆማ፣ «ውሃ መጣ ብሎ የሚጨፍር አውቃለሁ፤ አፈሰሰ ብሎ የሚጨፍር ግን ልጄን አየሁ!» ብላ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። አምስቱም መጋጠሚያዎች እንደገና ጠበቁ። ከዚያ ውሃው ደጃፏ ላይ ወረደላት፤ ያኔ እልልታው የእሷ ሆነ።

ወዳጄ፣ ሰው ሆኖ የማያፈስበት የለም። ጥፋታችን በጊዜ ሲታይ ዋጋው አንድ ምሳና ትንሽ እፍረት ነው፤ ደብቀን ከለሰንንበት ግን ቤቱን ሁሉ ያፈርሳል። ጉድለታችንን የሚያሳየን ሰውም ጠላታችን አይደለም፤ የምሥራች ነጋሪያችን ነው። እርስዎስ፣ በደረቅ የለወጡት እርጥብ ወረቀት ኪስዎ ውስጥ ይኖር ይሆን? ለሳኙ ገና ሲሚንቶውን እያቦካ ነው።