ጭሱና ሰላምታው

ባልና ሚስት መነቋቆር ሲጀምሩ፣ ወይም ጣሪያ አንዲት ጠብታ ሲያፈስ፣ የእኛ ሰው ቶሎ የሚላት አጭር አባባል አለች። ብዙው ሰው ለአፍ ስለምትጥም ብቻ የተባለች ይመስለዋል። የሚያውቁት ግን አንጓች የምትባል ሴት ቤቷን ልታጣ ስትል የተባለች ናት ይላሉ።

አንጓች ሦስት ዓመት ከአማቷ ቤት ተጠግታ ኖራ፣ ጎጆ ከወጣች ገና ወሯ ነበር። ቤቱን መንደሩ በደቦ ነው የሠራላቸው። ከደስታዋ ብዛት ምሰሶውን በቀን አሥር ጊዜ ትዳስሰው ነበር።

አንድ የበጋ ረፋድ፣ ባሏ ገበያ እንደሄደ፣ ጎረቤቷ ዘርፌ እሳት ልትጭር መጣች። ችኩል ናትና ፍሙን በገል አፍሳ አመድ ሳታለብሰው ወጣች።

«ኧረ ንፋስ ነው፤ አመድ ነስነስ አድርጊበት» አለቻት አንጓች።

«ከዚህ እዚያ እኮ ነው እቴ! እንግዳ አስቀምጬ ነው የመጣሁት።»

ጥቂት ቆይታ አንጓች ወደ ደጅ ብትወጣ፣ ከክዳን ተርፎ ግድግዳው ሥር ከተከመረው ሣር ቀጭን ጭስ ይወጣል። ክው አለች። እንስራውን ብታነሳ ባዶ ነው። ምንጩ ደግሞ ከገደሉ ሥር ነው። ኡኡ ብላ እንዳትጮህ፣ ለዚህች ጭስ መንደር አወከች ተብላ መሳቂያ መሆንን ፈራች። ወንዶቹ ይድረሱልኝ ብላ ሽማግሎች ወደተቀመጡበት ዋርካ ሮጠች።

በዚያ አገር አዲስ ጎጆ ወጪ ሽማግሌ ፊት ቀድማ አትናገርም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ቆመች። ከሁሉ የሚበልጡት አባ ማንደፍሮ አዩዋት።

«እንዴት አደርሽ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ባልሽ ደህና ነው? ከብቱስ? አማትሽ ወገቧን ተሻላት?»

«ደህና ነው። ደህና ናቸው። ተሻላቸው።»

የቀሩትም በየተራቸው ጠየቋት። የእኛ ሰላምታ መቼም ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ አይታወቅም።

በመጨረሻ «ቤቴ ሥር ጭስ አለ» አለች።

«እሳቱ ከማን እጅ ነው የወጣው?» አሉ አያ ወንድይፍራው፣ ነገር ማጣራት የሚወዱት ሽማግሌ። «መጀመሪያ ይሄ ይታወቅ። ከዚያ ውሃ እንዲቀዳ ሰው ወደ ምንጭ ይላካል።»

አንጓች ወደ ቤቷ ዞር ብላ አየች። ጭሱ ወፍሯል፤ ንፋሱም ወደ ክዳኑ እየገፋው ነው። ያን ጊዜ ይሉኝታውን ጣለችው። ሽማግሎቹ እየተናገሩ ጀርባዋን ሰጥታቸው ሮጠች።

ስትደርስ ነበልባሉ ከክዳኑ ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ቀርቶታል። ያገኘችው አጥሩ ላይ የበቀለውን ግራዋ ነው። ቅጠሉ የበዛውን ቅርንጫፍ ገንጥላ እሳቱን ትደበድብ ጀመር። አንዱ ሲለበለብባት ሌላ ትገነጥላለች። «እመብርሃን፣ ቤቴን! ቤቴን አደራ!» ትላለች። እጇ ተላጠ፣ ቅንድቧ ተለበለበ፤ እሳቱ ግን ጠፋ።

ሽማግሎቹ እየተመረኮዙ፣ መንደርተኛውም ተከትሏቸው ሲደርሱ፣ የጠቆረ ቅጠል ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር።

«ሽማግሌ እየተናገረ ጀርባ ይሰጣል?» አሉ አያ ወንድይፍራው። «ውሃው እንኳ ሳይመጣ!»

አባ ማንደፍሮ የክዳኑን ጫፍ በበትራቸው ነካ አደረጉት። ጫፉ ጠቁሯል።

«ተው ወንድይፍራው፤ ልጅቱን በሰላምታ ያቆየኋት እኔ ነኝ» አሉ። «ውሃውን ብትጠብቅ ኖሮ የመጣነው ለለቅሶ ነበር።» ከዚያ ወደ መንደርተኛው ዞረው እንዲህ አሉ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ጭስ ያየ ሰው እኛን አይጠብቅ፤ ሳይቃጠል በቅጠል።»