ድንበር ያለው ጎማ

በሰፈራችን ሁለት ሰዎች በአንድ ሥራ ሲጓተቱ የሚባል ነገር አለ። የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ ነገሩ ከአንድ ብስክሌት የኋላ ጎማ እንደ መጣ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ብስክሌቱ የገመዳ ነበር። ጎረቤቱ ሽብሩ ደግሞ አሮጌ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነበረው። ሞተሩን ብስክሌቱ ላይ ገጠሙና ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ወደ ከተማ ዓሣ ማመላለስ ጀመሩ። የኋላው ጎማ ሁለት ሰንሰለት ነበረው፤ በቀኝ የፔዳሉ፣ በግራ የሞተሩ። ኋላ እንዳይጣሉ በጀልባ ጠባቂው በጋሽ ወርዶፋ ፊት ተዋዋሉ። ጎማውን በግራና በቀኝ ከያዙት ብሎኖች የቀኙ የገመዳ፣ የግራው የሽብሩ፤ አንዱ የሌላውን እንዳይነካ።

አንድ ቀን የከተማው ባለ ሆቴል ለሠርግ ስድሳ ዓሣ አዘዛቸው።

«ነገ ከቀትር በፊት ካልደረሰ ከሌላ እገዛለሁ። ከዚያ በኋላም ደጄን እንዳትረግጡ» አላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሐይቁ ዳር ዓሣውን ሊጭኑ ሲሉ ገመዳ የፔዳሉን ሰንሰለት ላልቶ አገኘው። የቀኙን ብሎን ፈትቶ፣ ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ አጠበቀ። ጎማው ወደ ግራ ተጣመመና ከጎኑ ያለውን የብስክሌቱን የግራ ብረት መፋቅ ጀመረ።

«ድንበሬን ገፋህ» አለ ሽብሩ።

«እኔ የነካሁት የራሴን ነው።»

«ጎማው ግን እኔ ዘንድ ነው ያለው።»

ሽብሩም የግራውን ሳበ፤ ትንሽ ጨመር አድርጎ። አሁን ጎማው የቀኙን ብረት ፋቀ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ገመዳ።

«መልስ ነዋ!»

ገመዳ እንደገና ሳበ። ሽብሩም ሳበ። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ ዝንቦች ዓሣው ላይ ማረፍ ጀመሩ።

«ልጆቼ፣ አንዳችሁ ላላ ብታደርጉትስ?» አሉ ጋሽ ወርዶፋ።

«እሱ ያላላ!» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

በመጨረሻ ጎማው ልክ መሃል ላይ ቆመ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው በየበኩላቸው ለኩት። ድንበሩ ትክክል ነበር። ተጨባበጡና ዓሣውን ጫኑ። ሽብሩ ሞተሩን አስነሣ፤ ሞተሩ ሁለቴ አጉረመረመና ጠፋ። ገመዳ ፔዳሉ ላይ በሁለት እግሩ ቆመበት። ጎማው ንቅንቅ አላለም።

በዚህ መሃል የሆቴሉ ጋሪ የሌላ ሰው ዓሣ ጭኖ በአጠገባቸው አለፈ። ባለ ጋሪው ሰላምታ ሰጣቸው፤ እነሱም መለሱ።

ጋሽ ወርዶፋ ቀስ ብለው ተጠጉና ከልክ በላይ የተወጠረውን ሰንሰለት እንደ ክራር ጅማት በጣታቸው መቱት። ጮኸ። ከዚያ ሁለቱን ተራ በተራ አዩና እንዲህ አሉ፦ «ሁለቱ ሲያጠብቁ፣ ጎማውን አነቁ።»