ባዶ ፉርጎ የሚመጣለት ጨው ፋብሪካ

አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ነበሩ፤ ስማቸው ወርዶፋ ይባላል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሳሎናቸውን በትንንሽ ሀዲድ ሞሉት። ባቡሩን ከቆርቆሮ፣ ጣቢያውን ከጣውላ ሠሩት። ለእንግዳ የሚሆን ወንበር እንኳ አልተረፈም። ደግሞስ ማን ሊቀመጥበት?

እጃቸው የማይጠግነው ዕቃ አልነበረም። የሰፈሩ ሰው ምድጃ ሲበላሽበት፣ ቁልፍ ሲሰበርበት እሳቸው ጋ ይሮጣል። በነፃ ጠግነው ይሰጣሉ። ምግብ ይዞ የመጣውን ግን "እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ ምንም አልቸገረኝም" ብለው ከደጃፍ ይመልሱታል። የጎረቤትን ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሳህን የሚሞላ ነገር ማብሰል አያውቁም። ይህን ለማንም አልነገሩም። ሰውም ኩራት ነው ብሎ ተዋቸው።

በኋላ ገበያው አጠገብ አንድ ጠጋኝ ሱቅ ከፈተና የሚያንኳኳው ሰው ቀረ። ወርዶፋን ቤቱ ጨነቃቸው። አንዳንድ ቀን ደህናውን ምድጃቸውን ይፈቱና መልሰው ይገጥሙታል።

ሀዲዳቸው አንድ ነገር ጎድሎት ነበር። መስኮቱ ሥር፣ ጫፉ ላይ፣ የአንድ ፋብሪካ ቦታ ቀርቷል። ባቡር የሚጭነው ከሌለ ለምን ይሄዳል? ስሚንቶ ፋብሪካ አሰቡ፤ አቧራው ትዝ አላቸውና ተዉት። ዱቄት ፋብሪካም አሰቡ፤ ስንዴ የሚያመጣለት ይፈልጋል። በመጨረሻ ጨው ፋብሪካ ሠሩ። "ጨው ከባሕሩ ይወጣል፤ ይሰጣል እንጂ ከማንም አይለምንም" አሉ ለራሳቸው። ሐሳቡ በጣም ደስ አላቸው።

እሑድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታቸው ዘርፌ ናት። ጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሠርታለች። በየእሑዱ የተከደነ ሳህን ይዛ ትመጣለች፣ በየእሑዱ ይዛው ትመለሳለች። ሰፈሩ ሁሉ ሲተዋቸው ያልተወቻቸው እሷ ብቻ ናት።

"ጋሽ ወርዶፋ፣ ዛሬም ከመለሱኝ ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም። እኔም ደከመኝ" አለች።

"ምንም አልቸገረኝም፣ ዘርፌ።" አፋቸው ለምዶታል።

ዘርፌ በትከሻቸው በኩል አሻግራ ሀዲዱን አየች። "ያ ጫፉ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"ጨው ፋብሪካ ነው።"

"ባቡሩ ምን ያመጣለታል?"

"ምንም። ባዶ ፉርጎ ይመጣል፣ ጨው ሞልቶ ይሄዳል።"

"የኛ ፋብሪካ ጥጥ የሚገባለት ቀን ሰው ሁሉ በሩ ላይ ነበር" አለች። "የሚያወርደው፣ የሚቀልደው፣ ወሬ የሚጠይቀው። እዚህስ ባዶውን ማን ወጥቶ ይቀበለዋል?"

ይህን ብላ ሳህኗን ይዛ ደረጃውን ወረደች።

ወርዶፋ ባቡሩን ለቀቁት። ባዶ ፉርጎዎቹን እየጎተተ መጥቶ ጨው ፋብሪካው ደጃፍ ቆመ። ጎንበስ ብለው አዩት። የሰፈሩ ሰውም እሳቸው ጋ የሚመጣው እንዲህ ነበር። ባዶ እጁን ይመጣል፣ የፈለገውን ይዞ ይሄዳል፤ ሌላ ጠጋኝ ሲያገኝ ደግሞ ይቀራል። እንዲህ ያስለመዱት ራሳቸው ናቸው። ልባቸው ተሰበረ። በነጠላ ጫማ ተከትለው ወጡና ግቢው በር ላይ ደረሱባት።

"ዘርፌ፣ ሳህኑን ስጪኝ።"

"ምንም አልቸገረኝም ሲሉ አልነበር?"

"ቸግሮኛል" አሉ። ይህ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም ነበር። "ግን ሳህንሽን የምሞላበት የለኝም።"

"ይኼ ነው እንዴ ነገሩ?" ብላ ሳቀች። "ሲጨርሱ ይዘውት እኔ ቤት ይምጡ፤ አብረን እንሞላዋለን። ባቡር የነዳ ሰው ሽንኩርት መክተፍ አያቅተውም።"

በሳምንቱ ጨው ፋብሪካው ተነሥቶ በቦታው ጥጥ መፍተያ ቆመ። የመጀመሪያውን ጥጥ ዘርፌ ከትራሷ መዝዛ አመጣች። ለሷም ሳሎኑ ውስጥ አንድ ወንበር ተፈለገላት።

ወዳጄ፣ መስጠት መልካም ነው። የማይቀበል ሰው ግን ሰዉን ሁሉ ባዶ እጁን መምጣት ያስለምደዋል፤ ባዶ እጁን የመጣ ደግሞ ጉዳዩ ሲያልቅ ይሄዳል። ሰው የሚሰነብተው ያመጣውን የሚቀበለው ሲያገኝ ነው። እስኪ አንተም አስብ፤ "ምንም አልቸገረኝም" እያልክ ከደጃፍህ የመለስከው ሳህን ስንት ነው? ይዞት የመጣውስ ሰው ዛሬ የት ነው?