የቦረቦሩ አፈር

በአንድ ወቅት፣ መሬት ለሁሉም ተደለደለ በተባለበት አገር፣ አንዲት ጥማድ እንኳ ያልደረሰችው አንሙት የሚባል ሰው ነበር። ድልድሉ ሲካሄድ እሱ ገና በእናቱ ሆድ ነበር። ነፍስ ሲያውቅ ዳገቱ ሳይቀር ባለቤት ነበረው። መሬት የደረሳቸው ሰዎች፣ "ምነው ትንሽ ቀደም ብለህ ብትወለድ!" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አንሙትም አብሮ ይስቃል፤ የሚስቀው ግን ጥርሱ እንጂ ሆዱ አይደለም። የሰው ማሳ ሲያርስ፣ የሰው አዝመራ ሲያጭድ ጎልማሳ ሆነ። ያጫት ልጅ አባትም፣ "ልጄን በየትኛው አፈር ላይ ሊያስቀምጣት ነው?" ብለው ላኩበት።

በዚያ መንደር ማንም የማይመኘው አንድ ስፍራ ነበር፤ ቦረቦሩ፣ ጎርፍ የፈለፈለው ገደል። ከበላዩ የጋሼ ቸኮል ማሳ አለ፤ ግራ ቀኙ ከታች ያለው የእትዬ እንጉዳይ ማሳ ነው። ጋሼ ቸኮል የክረምት ውሃ እህላቸው ላይ እንዳይተኛ በማረሻ ፈሰስ ያወጣሉ፤ ውሃውን ሰብስቦ የሚያስወጣ ጠለቅ ያለ ትልም ነው። ፈሰስ ወደ ጋራው ቦይ ይውጣ ይላል የአገሩ ደንብ። የጋራው ቦይ ሩቅ ሆነባቸውና ቁልቁል ለቀቁት። ውሃው በየክረምቱ የእንጉዳይን ማሳ መሃል ለመሃል ሰነጠቀው፤ ትልሙ ቦይ፣ ቦዩ ገደል ሆነ። የላይኛው ሰውዬ አፈር ታጥቦ ወረደ፤ የታችኛዋ ሴት መሬት ተንዶ ሄደ። ሁለቱም ዝም አሉ። እሳቸው ጥፋታቸውን ያውቃሉ። እሷ ደግሞ የባሏን አስከሬን በትከሻቸው የተሸከሙላትን ሰው በምን አፏ ትክሰስ?

አንሙት ከዚህ ገደል ገብቶ ድንጋይ መካብ ጀመረ። የመጀመሪያውን ክትር ጎርፍ በላው። እንደገና ካበ፤ እንደገና ተናደ። "አንሙት ከጎርፍ ጋር ትግል ገጥሟል፤ ማን እንደሚወድቅ እንይ!" እያሉ መንገደኞች ቆመው ይስቁ ነበር። በመጨረሻ መሠረቱን እስከ ቋጥኙ ድረስ ቆፍሮ አወረደው፤ ያኛው ያዘ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጋሼ ቸኮል ለድንጋይ ማመላለሻ አህያቸውን አዋሱት። "በርታ! አፈሩን እንዳታሳልፈው!" ይሉት ነበር፤ በልባቸው፣ አፈሬን እያስቀረልኝ ነው እያሉ። እትዬ እንጉዳይም ቆሎና ጠላ ይዛ ትወርዳለች። "ጉልበትህን ይባርከው የኔ ልጅ" ትለዋለች፤ በልቧ፣ የተቀደደ ማሳዬን እየሰፋልኝ ነው እያለች። አንሙትም በአህያው ጫነ፣ ከጠላው ጠጣ፣ በልቡም ተፈቀደልኝ አለ። "ሲያልቅ የማን ይሆናል?" የምትለዋን ነገር ከሦስቱ አንዳቸውም አልተነፈሷትም። ያበላህን፣ አህያውን ያዋሰህን ጎረቤት ፊት ለፊት እንዲህ ብሎ መጠየቅ በዚያ አገር ነውር ነው። ይሉኝታ ይባላል፤ ከጎርፍ የበለጠ ቤት ያፈረሰ ነገር ነው።

ክረምቱ በክረምት ሲተካ ደለሉ ከክትሩ ጀርባ እየተኛ ሄደ። አንሙት ክትሩን ከፍ ባደረገ ቁጥር ደለሉም አብሮት ተነሳ። ገደሉ ሞላ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ በእጅ ሲይዙት የሚጨበጥ አፈር! ስንዴ ዘራበት፤ ስንዴውም ከዛላው ክብደት የተነሳ አጎነበሰ። ያ ሁሉ የሳቀ ሰው መጥቶ እሸቱን በመዳፉ እያሸ ቀመሰ። የእጮኛው አባትም፣ "ሠርጉ ለመቼ ይሁን?" ብለው ላኩ። ለካስ ሰው የሚከበረው በአፈር ነው!

ዝምታው የፈረሰው ያኔ ነው። በቀጣዩ እርሻ ጋሼ ቸኮል በሬዎቻቸውን ጠምደው ወረዱ።

"ወዴት ነው ጋሼ?" አላቸው አንሙት።

"ወደ አፈሬ።"

"ይሄ እኮ የኔ ልፋት ነው!"

"ልፋትህን ማን ካደ? ግን ወጥተህ የላዩን ማሳ እየው። አጥንቱ ቀርቷል፤ ማረሻዬ ድንጋይ ነው የሚልሰው። ሥጋው የታለ? ይኸው፣ እግርህ ሥር ነው። የጠፋ ከብትህን ከሰው በረት ብታገኘው ትተወዋለህ?"

እንጉዳይ ይህን ሰምታ እየሮጠች መጣች፤ ከበሬዎቹ ፊትም ቁጭ አለች።

"ተነሽ እንጂ፣ በሬ ይረግጥሻል!"

"ይርገጠኝ! አፈሩ የርስዎ ከሆነ በጆንያ ጭነው ይውሰዱት። መሬቱ የባሌ ነው፤ እዚችው ላይ ሲያርስ ኖሮ ነው የሞተው። እርስዎ ቀደዱት፣ ይሄ ልጅ ሰፋው። ቀሚሴን የቀደደና የሰፋ፣ ቀሚሴን ሊካፈሉኝ ነው?"

አንሙት ወደ እንጉዳይ ዞረ። "እትዬ፣ ያን ሁሉ ቆሎ ስታመጪልኝ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተስ ያን ሁሉ ቆሎ ስትበላ ለምን አልጠየቅኸኝም?"

ሽማግሌዎች ተጠሩ። መጡ፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ ግራ ቀኙን ሰሙ። ከዚያም፣ "ጎረቤት ናችሁ፤ ተስማሙ" አሉ። የሚስማሙ ቢሆኑማ ማን ይጠራችሁ ነበር! አንሙት ይህችን ቃል ሲሰማ ደሙ ፈላ። ቸኮል ፈሰሱን ቁልቁል ሲለቁት እነዚሁ ሽማግሌዎች በዚያው መንገድ ያልፉ ነበር። የእንጉዳይ ማሳ ሲሰነጠቅም ያዩ ነበር። እሱ መሬት አልባ ሆኖ ሲንከራተት አንዳቸውም አልጠሩትም። አሁን ገደሉ እህል ሲያበቅል ፈራጅ ሆነው መጡ።

"እንግዲያውስ ሦስት ቦታ ይከፈል" አሉ። ሲለካ የየአንዳንዱ ድርሻ በሬ የማያዞር ሆነ። "ለአንዱ ይሁንና የቀሩትን ይካስ" አሉ። ከሦስቱ መካስ የሚችል አልነበረም። ቢቸግራቸው አንደኛው ሽማግሌ፣ "መቼም ድንጋዩ የአንሙት ለመሆኑ ክርክር የለም" አሉ።

"የለም" አሉ ጋሼ ቸኮል።

"ምን ክርክር አለው" አለች እንጉዳይ።

አንሙት ብድግ አለ። ዲጅኖውን ይዞ ክትሩ አናት ላይ ወጣና ጫፉን ከድንጋዩ ሥር ሰካ። ከተራራው ማዶ ሰማዩ ጠቁሮ ያጉረመርም ነበር።

"በሉ እንግዲህ" አለ። "አፈሩ የጋሼ ይሁን፤ መሬቱ የእትዬ። እኔ ድንጋዬን ይዤ እሄዳለሁ።"

"ኧረ ልጄ፣ ጎርፉ ሁሉንም ጠርጎ ይወስደዋል!" ብለው ቸኮል ዲጅኖውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"የኔን ምኑን ይወስዳል ጋሼ? ምን አለኝና!"

እንጉዳይ ወርዳ ክትሩ ሥር ቆመች፤ ጀርባዋንም ለድንጋዩ ሰጠች። "ናደው! በኔ ላይ ናደው!"

የመጀመሪያው ጠብታ አፈሩ ላይ አረፈ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያም ዝናብ ፈርተው ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ወደየቤታቸው ሮጡ።

እነሱ ሸሽተዋል፤ እናንተ ግን አትሸሹ። ተስማሙ ማለትም አይቻልም፤ እሱ አስቀድሞ ተብሏል። አንዱ አፈሩን አጥቷል፣ አንዷ መሬቷን፣ አንዱ ደግሞ ሁሉም የተወውን ገደል በእጁ እርሻ አድርጓል። ዲጅኖው ከድንጋዩ ሥር ገብቷል፤ ውሃውም እየመጣ ነው። ፍረዱ፦ ማሳው ለማን ይገባል?