ማክሰኞ ሦስት ሰዓት የተጋጨባት ትርንጎ

ጆሮ ያላችሁ ስሙ፤ እኔ ልናገር፣ የተሳሳትኩትን እግዜር ያርመው።

ትርንጎ የምትባል ልጅ ከገጠር መጥታ ዩኒቨርሲቲ ገባች። የመጀመሪያ መንፈቅ ፕሮግራሟን ስታየው ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ሒሳብ አለ፤ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላብራቶሪም አለ። ሰው አንድ ነው፣ ሁለት ቦታ አይቀመጥ ነገር። ከአንዱ የቀረ ወደ አገሩ ይሸኛል ተብሏል። ማስቀየር የሚቻለው ደግሞ ዛሬ ብቻ ነው። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ላብራቶሪው ወደ ሐሙስ እንዲዞርላት።

ሬጅስትራር ሄደች። እዚያ የሚሠሩት እትዬ እታገኝ፣ አማካሪሽ ይፈርም አሏት። አማካሪው ካልፈረመ እትዬ እታገኝ አይቀይሩም፤ እሳቸው ካልቀየሩ ትርንጎ ጉዷ ፈላ።

ወደ አማካሪው ሮጠች። መምህሩ ቀና እንኳ ሳይል፣ ሐሙስ ሞልቷል፣ መጀመሪያ ወንበር ፈልጊ አላት። ወንበር ከሌለ አማካሪው አይፈርምም፤ አማካሪው ካልፈረመ እትዬ እታገኝ አይቀይሩም፤ እሳቸው ካልቀየሩ ትርንጎ ጉዷ ፈላ።

ከሐሙስ ልጆች ገረመው የሚባለውን አገኘችና ቦታ እንለዋወጥ አለችው። የእሱ ሒሳብ በሌላ ቀን ነው። ግን የማክሰኞው ላብራቶሪ ረጅም ነው፤ የሚለቀው የተማሪዎች ካፌ ምሳ ከዘጋ በኋላ ነው።

«ለሳይንስ ብዬ በረሃብ ልሙት እንዴ? ምሳ ያስቀምጡልኝና ወንበሬን ውሰጂ» አላት።

ምሳ ከሌለ ገረመው አይለዋወጥም፤ ገረመው ካልተለዋወጠ ወንበር የለም፤ ወንበር ከሌለ አማካሪው አይፈርምም፤ አማካሪው ካልፈረመ እትዬ እታገኝ አይቀይሩም፤ እሳቸው ካልቀየሩ ትርንጎ ጉዷ ፈላ።

የካፌዋን ወጥ ሠሪ እትዬ ዘርፌን ለመነች። እሳቸውም፣ ቧንቧው ከደረቀ ሰንብቷል፤ ዘግይቶ የመጣ ሳህን በምን ይታጠባል? ውሃ የጫነው ቦቴ በር ላይ ቆሟል፤ እሱ ይግባና ቃሌ ቃል ነው አሏት። የቦቴው ሹፌር ግን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ እኔ መሪ ያዥ ነኝ፣ በር ከፋች አይደለሁም አላት።

በሩን የያዙት ሽማግሌው ዘበኛ አባባ ውብነህ ናቸው። እሳቸውም፣ ይሄ ሹፌር ባለፈው የበሩን ምሰሶ ገጭቶ ሄዷል፣ ወቀሳው የወረደው በእኔ ላይ ነው፣ ቀስ ብሎ ለመግባቱ ዋስ ይጥራ አሉ።

ዋስ ከሌለ በር አይከፈትም፤ በር ካልተከፈተ ቦቴው አይገባም፤ ቦቴው ካልገባ ውሃ የለም፤ ውሃ ከሌለ ምሳ የለም፤ ምሳ ከሌለ ገረመው አይለዋወጥም፤ ገረመው ካልተለዋወጠ ወንበር የለም፤ ወንበር ከሌለ አማካሪው አይፈርምም፤ አማካሪው ካልፈረመ እትዬ እታገኝ አይቀይሩም፤ እሳቸው ካልቀየሩ ትርንጎ ጉዷ ፈላ።

ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። ትርንጎ አንድ ቃል በሆዷ ጸለየችና እንዲህ አለች፦

«አባባ፣ እኔ ለዚህ አገር እንግዳ ነኝ። ለሹፌሩ ዋስ የምጠራው ሰው የለኝም። እግዜር ዋስ ይሁነኝ።»

አባባ ውብነህ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይሄን ዋስ አልቀበልም ብዬ የት እገባለሁ?» አሉና ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «አንተ፣ ዋስህ ማን እንደሆነ ሰምተሃል። እስቲ አሁን ምሰሶዬን ንካት።»

ሹፌሩ አማተበ። እንቁላል የጫነ ይመስል እየተሳበ ገባ።

በሩ ተከፈተ፣ ቦቴው ገባ፣ ውሃው ወረደ፣ ለምሳው ቃል ተገባ፣ ገረመው ተለዋወጠ፣ ወንበር ተገኘ፣ አማካሪው ፈረመ። እትዬ እታገኝ ቁልፍ ይዘው ሊወጡ ሲሉ ትርንጎ እያለከለከች ደረሰች። አዩዋት። ሰዓታቸውን አዩ። ተመልሰው ተቀመጡና ሐሙስ ብለው ቀየሩላት።

ዋስ ላጣ እንግዳ ሁሉ እሱ ይቁምለት። አሜን በሉ፤ የእኔም ወሬ በዚሁ ይብቃ።