ከወንበሩ ኋላ ያለው ግድግዳ

ፊታውራሪ ይርዳው አንድ ምላሰኛ መራጊ ቀጥረው የአዳራሻቸውን አራት ግድግዳ በጭድ ጭቃ አስመረጉ። ወር ሳይሞላ ከወንበራቸው ኋላ ያለው ብቻ ፈረሰ። ፊታውራሪ ተቆጥተው መራጊውን እንግዶቻቸው ፊት አስጠሩትና፣ "ሦስቱ ደህና ቆመው ይሄ ለምን ፈረሰ? በቂ ምክንያት ካላቀረብህ በእግር ብረት ትታሰራለህ" አሉት።

መራጊው ፍርስራሹን አገላብጦ አየና፣ "ጌታዬ፣ ግድግዳው ሲፈርስ እዚህ ተቀምጠው ምን ያወሩ ነበር?" አለ።

"ሰባት አንበሳ እንዴት እንደገደልሁ ነዋ።"

"እኔ ግድግዳውን ስመርግ የሰማሁት ሦስት ነበር።"

እንግዶቹ አቀረቀሩ።

"እነዚህ ሰዎች ፊት ለፊትዎ ስለሚቀመጡ ሳቃቸውን ይችላሉ፤ ግድግዳው ግን ከጀርባዎ ነው። አያዩኝም ብሎ በሳቅ ፈረሰ።"